ራሷን ነቀነቀች

የእህቴን ባል «ቀለሜ» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበር ማለቴ አይደለም። በሕይወቱ ከልቡ የተማረው ነገር ቢኖር አራት ቀለም ነው፤ እሱንም በሁለት ቀን ሥልጠና፣ ምሳ እየቀረበለት።

ሥራው የውሃ ቢሮ መዝገብ ቤት ኃላፊነት ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ግድግዳው እርጥበት ስለሚያወጣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ፋይሎች ጠርዛቸው ተጣሞ ቀርቷል። ደንበኛ መጥቶ ፋይሉን ሲጠይቀው ቀና ሳይል «ጠፍቷል» ይላል። ሁለተኛ ሲጠይቀው «ሊኖር ይችላል» ይላል። በሦስተኛው ከገዛ ጠረጴዛው ላይ ያነሳና ይሰጠዋል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ለመሆን እንኳ ሰውን ማየት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አያይም።

ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታቸው ስለ ሰው ጠባይ የሚያስተምር አሠልጣኝ ጠራ። ሰውየው ሠራተኛውን ሃያ ጥያቄ ጠየቀና በአራት ቀለም ከፈለው፤ ቀዩ አዛዥ፣ ቢጫው ለፍላፊ፣ ሰማያዊው እንከን ፈላጊ፣ አረንጓዴው እሺ ባይ። ሌላው ሠራተኛ ምሳውን በልቶ፣ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ማታውኑ ረሳው። የኛው ጉድ ግን ክብ ክብ ስቲከር ገዝቶ ወደ ቤቱ ገባ። በማቀዝቀዣው በር ላይ የቤተሰቡን ስም ጽፎ በየስሙ ጎን ቀለም ለጠፈ። የሕንጻው ዘበኛ ቀይ ሆነ፤ የፎቁ ጎረቤት ቢጫ ሆነች። እኔም አልቀረሁም።

«እትዬ፣ እርስዎ ሰማያዊ ነዎት» አለኝ።

«አይደለሁም» አልኩት።

«አዩ! ሰማያዊ ሰው የመጀመሪያ ምልክቱ መካዱ ነው።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? አዎ ብትሉ ተረታችሁ፣ አይ ብትሉ ተረታችሁ። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ለራሱ የሰጠው ቀለም ምን ነበር ብትሉ፣ አራቱንም። አሠልጣኙ «አልፎ አልፎ ሚዛናዊ ሰው ያጋጥማል» ብሎ ነበር አሉ።

ይህ ሁሉ በማቀዝቀዣው በር ላይ ቢቀር ደግ ነበር። ቀለሜ ግን «ሰው ቀለሙ በደንብ የሚወጣው ሲጽፍ ነው» የሚል ሐሳብ መጣለትና በስልክ ግሩፕ ከፈተ። ስሙን «ማረፊያው ቤት» አለው። ጨዋታው ቀላል ነው። አንድ የመንገድ ዳር ማረፊያ ቤት አለ እንበል፤ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንሆናለን፤ የሆንነው ሰው የሚናገረውንና የሚያደርገውን ተራ በተራ እንጽፋለን፤ አንዱ ካቆመበት ሌላው ይቀጥላል። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ የሌላውን ሰው አትንካ። የሌላው ሰው አፍም እጅም የሌላው ነው። ደንቡን ያወጣው ቀለሜ ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ የጣሰውም እሱ።

አምስት ነበርን። የምንጽፈው በምሳ ሰዓት፣ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሰው የሚጽፈው እንደ ጠባዩ መሆኑን እኔም አልክድም። የቀለሜ ስሕተት ጠባይን ከጽሑፍ አነባለሁ ማለቱ ሳይሆን ማንበብ አለመቻሉ ነው።

ለምሳሌ ቆጣሪ አንባቢውን እንይ። የውሃ ቢሮው ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው በር እያንኳኳ «ማነው?» ሲባል የሚውል ምስኪን። ውሻ ከጮኸበት አጥሩ ውጭ ቆሞ ቆጣሪውን በግምት ያነባል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በግሩፑ ውስጥ ግን ነጋዴ ሆነና በር አንኳኩቶ አያውቅም፤ ገንጥሎ ነው የሚገባው። ሰው ራት ላይ ተቀምጦ ከሆነ ጠረጴዛ ይገለብጣል። ቀለሜ ይህን አየና «ቀይ፣ አዛዥ» ብሎ መዘገበው። ያ ሰው በሕይወቱ አንድ ቡችላ አዝዞ አያውቅም። በሥራው የተከለከለውን በምሳ ሰዓት መውሰዱ ነው፤ ይህን ለማወቅ ስቲከር አያስፈልግም።

የጥርስ ሐኪሟ ደግሞ አለች፤ እነቀለሜ የሚኖሩበት ሕንጻ ላይ ምድር ቤቱን ተከራይታ የምትሠራ፣ ደግ ሴት። እሷ ዘፋኝ ሆነች። ዘፋኟ አንድ በር ለመክፈት ሦስት መልእክት ይፈጅባታል፤ በመጀመሪያው ታለቅሳለች፣ በሁለተኛው ያለፈውን ታስታውሳለች፣ በሦስተኛው እጀታውን ትይዛለች። ጥያቄ ትጠይቅና መልስ ሳትጠብቅ ታልፋለች። ቀለሜ «ቢጫ» አላት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው መመለስ የማይችሉ ሰዎችን ስታናግር ስለምትውል ይመስለኛል፤ መልስ መጠበቁን ረስታዋለች።

እኔ የያዝኩት ሳሎን ተቀምጣ ወጪ ገቢውን የምትተች ባልቴት ነው። እዚህ ላይ ቀለሜ አልተሳሳተም። ሃያ ሁለት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደራሲ «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» ብሎ ሲጽፍ፣ ስንት ጊዜ? እላለሁ። «ራሱን ነቀነቀ» ብሎ ሲያልፍ፣ እሺ ብሎ ነው እምቢ ብሎ? እላለሁ። በገጽ አርባ ላይ ተቀብሮ በገጽ መቶ ሠርግ የመጣ አጎት ይዤ አውቃለሁ። ቀይ እስክሪብቶ እስከ ሞት ከእጄ አይወጣም።

ቀለሜስ? ቀለሜ የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ሆነ። ባለቤት ብቻ ቢሆን በታገስኩት። «ባልቴቷ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች» ብሎ ይጽፋል። እኔ ፈገግ አላልኩም። «ነጋዴው በሠራው ተጸጸተ» ይላል፤ ቆጣሪ አንባቢው ገና በሩን ገንጥሎ እየገባ። ዝናቡ የእሱ፣ ፀሐዩ የእሱ፣ የጓሮው ውሻ የእሱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚያ ቤት ግን የሁላችንን አጥር እየዞረ የሚነቀንቀው ባለቤቱ ራሱ ነበር። ስንቆጣው ለታሪኩ ውበት ነው ይለናል።

አምስተኛዋ እህቴ ናት። በስምንት ዓመት ታንሰኛለች። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፣ ከመጋረጃው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል። ሌንሱን እየሞረደች ከፍሬሙ ልክ ታደርሰዋለች፤ ሰው ለዓይኑ ሲል የሚያደርገው ነገር ሁሉ በእጇ ያልፋል። ጣቶቿ ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት አላቸው። ዐሥራ ሰባት ዓመት እዚያ ስትሠራ አንድ ሌንስ አልሰበረችም ይላል ባለሱቁ። ደንበኛው ግን አያውቃትም፤ የሚያመሰግነው ፊት ለፊት የቆመውን ነው።

በማረፊያው ቤት ቀለሜ የሰጣት ድርሻ የክፍል አጽጂነት ነበር። የምትጽፈውም ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ራሷን ነቀነቀች።» ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ አልጻፈችም። ባለቤቱ «ክፍልሽን ለዘፋኟ ለቀሽ ምድር ቤት ትተኛለሽ፣ አይደል?» ይላታል። ራሷን ነቀነቀች። ወዲያው ቀለሜ ይቀጥልላታል፤ «በደስታ ፍራሿን ተሸክማ ወረደች።» ነጋዴው ጠረጴዛ ገልብጦ ሲያበቃ «ይቅር በይው» ይላታል። ራሷን ነቀነቀች። «ከልቧ ይቅር አለችው።» እንዲህ እየሆነ የሴትዮዋ ኑሮ በሙሉ በሌላ ሰው አውራ ጣት ተጻፈ።

«አረንጓዴ ማለት እንግዲህ ይህቺ ናት» ይለኛል ቀለሜ። «ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ።»

ቤታቸውም ያው ነበር። ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ «ቅዳሜ እናቴ ጋ እንሄዳለን፣ አይደል?» ይላታል። ከምድጃው ፊት እንደቆመች ራሷን ትነቀንቃለች። ቅዳሜ እናቱ ጋ ይሄዳሉ። ስትነቀንቅ ቀና ብሎ አይቷት እንደሆነ እንጃ። እኔም እዚያው ተቀምጬ የሻይ ስኳሬን እያማሰልኩ ነበር፤ እኔም አላየሁም።

ባለፈው ወር ሰኞ ዕለት ከሥራ ደወለችልኝ። እህቴ ደውላ አታውቅም፤ ሲደወልላት ታነሳለች እንጂ። ባለሱቁ ሽማግሌ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሥራ ሊቀንስ ነው። ከአውቶብስ ማቆሚያው ማዶ የከፈተውን ሁለተኛ ሱቅ «ሱቁንም ሌንስ ክፍሉንም አንቺ ያዢው፤ እስከ ቅዳሜ አስቢበትና ንገሪኝ፤ ካልሆነ ሌላ ባለሙያ እፈልጋለሁ» ብሏታል።

«እትዬ፣ በሩ ላይ ስምሽን አጽፋለሁ አለኝ እኮ» አለችኝ። «በሩ ላይ! ከውጭ በኩል!»

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። «ታዲያ ምን ታስቢያለሽ፣ እሺ በይው እንጂ» አልኳት። «መጀመሪያ ለባለቤቴ ልንገረውና» አለች።

ዓርብ ጠዋት የመነጽሬ ብሎን ወልቆ ጠፋ። አራሚ ያለ መነጽር ማለት ሹፌር ያለ መሪ ስለሆነ ወደ መነጽር ቤቱ ሄድኩ። እህቴ ዕቃ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ሽማግሌው አዝኖ አገኘሁት።

«ባለቤቷ ትናንት መጥቶ ነበር» አለኝ። «አትፈልግም አለኝ። እሷ አረንጓዴ ናት፣ ኃላፊነት ያስጨንቃታል አለኝ። አረንጓዴ ማለት ምንድነው? በሽታ ነው?»

«የሱ በሽታ ነው» ብዬው ወጣሁ።

በቀጥታ ወደ ውሃ ቢሮ። መዝገብ ቤት ስገባ ቀለሜ የቅሬታ ፋይሎች ላይ ስቲከር እየለጠፈ ነበር፤ ውሃ ጠፋብኝ ብሎ የጮኸ ሁሉ ቀይ።

«በማን አፍ ነው አትፈልግም ያልከው?» አልኩት።

«በሷ። ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።»

«አልቀመጥም። አፏን ከፍታ አልፈልግም አለች?»

«ጠየቅኋት። ‹ይቅርብሽ፣ ላንቺ ከባድ ነው፣ አይደል?› አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።» ከዚያ ደግሞ እንደ አስተማሪ ጣቱን አነሳ። «እኔ ሳላስብላት ቀርቼ አይደለም። አረንጓዴ ሰው ለውጥ ይሰብረዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጽሑፏን አጥንቼዋለሁ።»

ሁለት ቃል ያጠና ሊቅ። እጄን ሰንዝሬ አንዱን ስቲከር ግንባሩ ላይ ብለጥፍለት ደስ ባለኝ። ግን፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ አመንኩት። ራሷን ነቀነቀች ሲለኝ የታየኝ ሁልጊዜ የማየው ነገር ነው፤ አንገቷን ደፍታ እሺ ስትል። ተናድጄ የወጣሁት በእሱ ብቻ አልነበረም፤ በሷም ጭምር። ይህች ልጅ መቼ ነው ለራሷ የምትቆመው እያልኩ እስከ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሰደብኳት። ደውዬ ግን አልጠየቅኋትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። የምሳ ዳቦዬን ይዤ ስልኬን ከፈትኩ፤ ያለ መነጽር ስለሆነ ፊደሉን አተልቄ።

በታሪኩ ውስጥ ዘፋኟ ከማረፊያ ቤቱ ልትወጣ ነበር። የጥርስ ሐኪሟ በሦስት መልእክት አልቅሳ ስታበቃ ዘፋኟ ለአጽጂዋ «ነይ አብረን እንሂድ፣ የራሳችንን ቤት እንከፍታለን» አለቻት። ስለ ሱቁ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ እንዲያው መጣላት። ቀለሜን ግን ነገሩ የእህቴን ሱቅ ሳያስታውሰው አልቀረም፤ ከመቼውም ጊዜ ፈጥኖ ጻፈ።

«ባለቤቱ ወደ አጽጂዋ ዞረ። ‹አንቺ ከዚህ ቤት ሌላ የት ታውቂያለሽ? ከኔ ጋር ትቀሪያለሽ፣ አይደል?› አላት።»

እህቴ ጻፈች፦ «ራሷን ነቀነቀች።»

ቀለሜ ወዲያው፦ «‹አውቄው ነበር› አለ ባለቤቱ። እሷም መጥረጊያዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።»

ዳቦዬን ነከስኩ። ስልኩ ላይ እህቴ እየጻፈች መሆኑ ይታያል። ጠፋ። እንደገና ታየ። ዳቦዬን ጨረስኩ፤ አሁንም እየጻፈች ነው። ከዚያ መጣ።

«መጥረጊያውን አላነሳችም። ራሷን የነቀነቀችው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነበር።»

መጀመሪያ የጻፈችው የጥርስ ሐኪሟ ናት፤ ያለ እንባ፣ በአንድ መስመር፦ «እንዴ! ታዲያ ክፍልሽን ስወስድብሽ እምቢ ብለሽ ነበር?»

ቆጣሪ አንባቢው ከሩብ ሰዓት በኋላ ብቅ አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ነቀነቀች» የሚለውን እየፈለገ ሲቆጥር ቆይቶ ነው። «አርባ ሦስት ጊዜ ነቅንቃለች» ብሎ ጻፈ። «ይቅርታም አላደረገችልኝም ማለት ነው። ልክ ናት።» ያ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በግምት አላነበበም።

አርባ ሦስት እምቢታ። ፍራሿን ተሸክማ አልወረደችም፤ ይቅር አላለችም፤ የታመመውን ውሻ ልታጥብ አልተስማማችም። ሁለት ዓመት የጻፍነው ታሪክ እንዳለ ተገልብጦ ተቀመጠ። እኛ ደግሞ የጻፈችውን እያነበብን፣ ነጋ ጠባ እሺ አለች እያልን በላይዋ ላይ ስንሄድ ከርመናል።

ቀለሜ ግሩፑን ትቶ ለኔ ደወለ።

«እትዬ፣ ይህ የአራሚ ጉዳይ ነው» አለኝ። «ነቀነቀች ማለት እሺ አለች ማለት ነው፣ አይደል? እምቢ ቢሆን ወዘወዘች ይባል ነበር።»

«ሁለቱም ይባላል» አልኩት።

«ስለዚህ ስሕተቱ የቋንቋው ነው።»

ሳቅኩበት። ከልቤ፣ ዕንባዬ እስኪመጣ። ሚስቱ እምቢ ስትለው ዐሥራ አራት ዓመት ኖሮ ቋንቋውን የሚከስ ሰው! ግን ሳቄ እንደያዘኝ ዓይኔ ጠረጴዛዬ ላይ ወደተከመረው የማላውቀው ደራሲ ጽሑፍ ሄደ። በኅዳጉ ላይ በራሴ እጅ፣ ያለ መነጽርም በሚነበብ ትልቅ ፊደል፣ በቀይ፣ «ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ብሎ ነው እምቢ ብሎ?» የሚል ተጽፏል። በዚያው ሳምንት የጻፍኩት ነው። ስልኩን ዘጋሁበት።

በዚያ ቀን ማታ ቀለሜ ነገሩን አሰበበት አሉ። አስቦ አስቦም ከማቀዝቀዣው በር ላይ የእህቴን አረንጓዴ ስቲከር ላጠና ሰማያዊ ለጠፈላት። የገባው ይህን ያህል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሱቁ በር ላይ ተገናኘን። የመነጽሬ ነገር ስላላለቀ ነው የመጣሁት አልኳት፤ እሷም ያመነች መሰለች። ቀጥ ብላ ገብታ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ የነገረዎት የራሱን ሐሳብ ነው» አለችው። «እኔ ሱቁን እወስደዋለሁ።»

ሽማግሌው ብዙም አልደነቀው። «ቅዳሜ ብዬሽ የለ? ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለና በሚንቀጠቀጥ እጁ ከመሳቢያው ቁልፍ አወጣ። «ስምሽን በትልቁ ነው በትንሹ የምናጽፈው?»

«በትልቁ» አለች።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አቀፍኳት፣ ሳምኳት፣ በዚያው ቀለሜን አንስቼ ልሰድብ ጀመርኩ፤ አፉን በቀለም የሞላ፣ ሰው የማያይ፣ በሰው አፍ የሚናገር፣ ምን ያላልኩት አለ። እሷ አላቋረጠችኝም። መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጠባቧ ክፍል አስገባችኝና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ለመነጽሬ ልክ የሚሆን ብሎን ፈልጋ አገኘች፤ በቀጭኗ መፍቻ አጠበቀችው፤ በጨርቅ ጠርጋ ፊቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ መስተካከሉን ልታይ ጎንበስ አለችና በሁለቱም እጇ ግራና ቀኝ ጆሮዬን ይዛ ቆመች።

«ራስሽን አትነቅንቂ፣ እትዬ» አለችኝ።

ፊቷ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርቼ አየኋት።

«ባለቤቴ ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከ ጊዜ» አለች፤ ድምጿ እንደ ወትሮው ቀስ ያለ ነው፤ «አባባ ጠይቂያት ብሎ አንቺን ላከሽ። እኔ ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼሻለሁ። ትዝ ይልሻል?»

«ይለኛል።»

«ተመልሰሽ ለአባባ ምን አልሽው?»

«ራሷን ነቀነቀች አልኩት።»

«በየት በኩል?»

ከጓሮው በር ላይ ቆሜ ነበር። ያየሁት ሻሿ ሲንቀሳቀስ ነው። ቸኩዬ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ሰው ይጠብቃል። የቀረውን የሞላሁላት እኔ ነኝ፤ ስቲከር አላስፈለገኝም። ራሴን ልነቀንቅ ፈለግኩ፤ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«በአፍሽ ንገሪኝ» አለችኝ።